ዘጠኝ ሺህ ሰው በአንድ ከረጢት

በሙያ ኮሌጁ ግቢ ውስጥ የሬጅስትራሯን ሴትዮ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ተማሪውም አስተማሪውም «እትዬ ሦስቴ» ነው የሚላት። ይህን ስም ያወጣላት የመኪና ጥገና መምህሩ ነው። አንድ ቀን የተማሪዎቹን ውጤት ሊያስረክብ መጥቶ በሦስት ወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ ስታስፈርመው፣ «እትዬ፣ ለመሆኑ ሲያስነጥስሽም ሦስቴ ነው?» አላት። እሷም ከወረቀቱ ቀና ሳትል፣ «አንዱ ቢጠፋ ሁለቱ ይተርፈኛል» ብላ መለሰችለት። ከዚያ ወዲያ ስሙ ተለጥፎባት ቀረ። እሷም አልተቀየመችም፤ እውነትን ማን ይቀየማል?

ጥንቃቄዋ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ልጅ ሳለች የተማረችበት ትምህርት ቤት የመዝገብ ክፍል ጣሪያው ያፈስ ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ ሲያፈስ ከርሞ የስንቱ ተማሪ ማህደር በስብሶ እርስ በርሱ ተጣበቀ። ሥራ ልትቀጠር ማስረጃ ፍለጋ ስትሄድ፣ መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሰውዬ የሻገተ የወረቀት ክምር በጣቱ አሳያትና «እዚያ ውስጥ ካለሽ ፈልጊው» አላት። በቃ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የተማረችው እንዳልተማረች ሆነ። በሃያ ሦስት ዓመቷ፣ ትዳር ይዛ፣ ከልጆች ጋር ዴስክ ተጋፍታ የመጨረሻውን ክፍል ደገመች። የዚያን ጊዜ ኀፍረት እስከ ዛሬ ይከነክናታል፤ ከኀፍረቱ ግን ንዴቱ ይበልጣል። «ሰው ሲሞት ነው የሚቀበረው፤ እኔን በቁሜ በጣሪያ ውሃ ቀበሩኝ» ትላለች።

ስለዚህ እሷም በተራዋ መስኮት ጋ ስትቀመጥ የራሷን ሕግ አወጣች። የዘጠኝ ሺህ ተማሪ ውጤት ያለበትን መዝገብ በየሳምንቱ ዓርብ ሃርድ ዲስክ ላይ ትገለብጣለች። ዲስኮቹ ሦስት ናቸው፤ ልብስ ሰፊ እህቷ ከአሮጌ ሱሪ በሰፋችላት ከረጢቶች ይቀመጣሉ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ነጭ ክር ታስሮበታል። አዲሱ ቅጂ ቢሮ ያድራል። ያለፈው ሳምንት ቅጂ እሷ ቤት፣ ከእሱ የቀደመው ደግሞ ከተማው ማዶ እህቷ ሱቅ፣ ከአዝራር ሳጥኑ ሥር ይቀመጣል። ዓርብ ሲመጣ የእህቷ ቤቱ፣ ማለትም አሮጌው፣ ይመጣና በላዩ ላይ አዲሱ ይገለበጥበታል። «ባልሽን እንኳ እንዲህ በየሳምንቱ አትከታተዪውም» ትላታለች እህቷ። እሷም፣ «እሱ ቢጠፋ ራሱ ይመለሳል» ትላለች።

ሰው የማያውቅላት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ገልብጣ ስትጨርስ ማህደሮቹ ከተደረደሩበት መደርደሪያ ፊት ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና አንዱን ትስባለች። ያንን ተማሪ ከዲስኩ አውጥታ፣ ከምንም ጋር ባልተገናኘ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ትመልሰዋለች። ትራንስክሪፕቱን አትማ፣ መምህራኑ በእጃቸው ከፈረሙበት ወረቀት ጋር መስመር በመስመር፣ ጮክ ብላ እያነበበች ታስተያያለች። ይህን «ማስነሳት» ትለዋለች። «ገልብጦ ማስቀመጥማ ማን ያቅተዋል? ሲጠሩት አቤት ካላለ፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው።»

ይህ ሁሉ የሆነው ወረቀቱ ስለማይበቃ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት የነበረው ማህደር «ቦታ አጣበበ» ተብሎ፣ እሷ እየጮኸች፣ ተጭኖ ተወግዷል። የእነዚያ ተማሪዎች ውጤት ከኮምፒውተር በቀር ማደሪያ የለውም።

አዲሱ ዲን ሲመጣ አዲስ ሰርቨር ይዞ መጣ። ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው የአይቲ ባለሙያ ጎበዝ ሰው ነው፤ ጉድለቱ ጎበዝ መሆኑን ማወቁ ብቻ ነው። «እትዬ፣ ከእንግዲህ ዲስክ መሸከም ቀረ። ይህ ማሽን የጻፉትን ሁሉ በየደቂቃው ራሱ ይገለብጣል» አላት።

«ስህተት ስጽፍስ?»

«እሱንም ይገለብጣል» አለና ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

በሳምንቱ ሰርኩላር ወጣ። የኮሌጁን መረጃ የያዘ ማንኛውም ዕቃ ከግቢ እንዳይወጣ፣ በሠራተኛ እጅ ያለውም ለአይቲ ክፍል ገቢ እንዲደረግ ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ በድብቅ ይቀጥል ነበር። እሷ ግን መደበቅ አልፈጠረባትም። ደብዳቤ ጻፈች፦ «ሰርኩላሩ ደርሶኛል። ከአዲሱ ማሽን አንድ ተማሪ ተነስቶ በዓይኔ እስካላይ ድረስ ዲስኮቹን አላስረክብም፤ እንደ ወትሮው እየወሰድኩ አስቀምጣለሁ።» በሦስት ቅጂ አትማ አንዱን ዲኑ ቢሮ አስገባች፣ ሁለቱ ላይ የገቢ ቁጥር አስመታች። መልስ አልመጣም። በዚያ ቢሮ ከሬጅስትራር የመጣ ደብዳቤ ተነቦ አያውቅም።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ሐሙስ ጠዋት አንዲት አዋላጅ መስኮቱ ጋ ቆመች። ከሰባት ዓመት በፊት የተመረቀች ናት፤ ሌላ ሆስፒታል ልትቀጠር ትራንስክሪፕት ፈልጋለች፣ ቀጣሪዎቹም እስከ ሰኞ ድረስ ብቻ ነው የሚጠብቋት። ወረቀቱን ተቀብላ ሁለት እርምጃ ሄደችና ተመለሰች።

«እትዬ፣ ይሄ የኔ አይደለም።»

«ስሙ የአንቺ አይደለም?»

«ስሜማ ነው። ግን እዩት እስቲ፤ ካምቢዮ መፍታትና መግጠም፣ ሲ ፕላስ ይላል። እኔ የማውቀው ማዋለድ ነው!»

ከኋላዋ የተሰለፉት በሳቅ ፈነዱ። «ምን አለበት፣ አምቡላንሱ መንገድ ላይ ሲቆም አንቺው ትፈቺዋለሽ» አለ አንዱ። እትዬ ሦስቴ ግን ክው አለች። የማዋለድ ትምህርቱን ውጤት ፈለገች፤ የለም። ሌላ ስም አወጣች፤ ኤሌክትሪክ የተማረው ሰውዬ ስፌት ተመርቋል። ሦስተኛውም ያው ነው።

የአይቲው ሰው ተጠርቶ መጣ። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ «የተደጋገሙ ስሞችን አጽድቼ ነበር» አለ። ስሙና የአባቱ ስም የገጠመለትን ሁሉ እንደ አንድ ሰው ቆጥሮ አዋህዶታል። የአያት ስም የሚለውን ሳጥን ዘሎታል። አንድ ክፍል በር ላይ ቆሞ አንድ ስም ከነአባቱ ቢጣራ እኮ ሁለት ሰው አቤት ሲለው ይሰማ ነበር። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ሌላ ሰው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ማሽኑም ታማኝ ነውና ስህተቱን በየደቂቃው ሲገለብጥ ከረመ።

ዲኑ ዘንድ ገቡ። ዲኑ ግንባሩን እያሻሸ፣ «ማስታወቂያ እናውጣ። የድሮ ተማሪ ማስረጃ ያለው ያምጣና እንመዝግብለት» አለ።

«የሌለውስ?» አለች እትዬ ሦስቴ።

«የሌለው እንግዲህ… ምን ይደረጋል? ማስታወቂያውን እርስዎ ይፈርሙበት።»

የድሮው ሰውዬ ጣት፣ የሻገተው ክምር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቷ መጣ። «አልፈርምም» አለች። «እኔ እዚያ መስኮት ጋ ተቀምጬ ለሰው ልጅ "ካለሽ ፈልጊው" አልልም። እጄ ይቆረጥ!» በሩን ሳትዘጋው ወጣች።

ቢሮዋ ገብታ ቀኖቹን ቆጠረች። ቢሮ ያለው ዲስክ የተገለበጠው ከስህተቱ በኋላ ነው። ቤቷ ያለውም ከስህተቱ በኋላ ነው። በሁለቱም ዓርብ ያስነሳቻቸው ተማሪዎች ስማቸው ከማንም የማይገጥም ስለነበር ምንም አላየችም፤ ራሷን ልትመታ ቃጣት። የቀረው እህቷ ሱቅ ያለው፣ ባለ ነጭ ክሩ ብቻ ነው። እሱም ነገ ዓርብ አዲስ የሚገለበጥበት ተራው ነበር። አዋላጇ በአንድ ቀን ዘግይታ ቢሆን ኖሮ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለቱን በገዛ እጇ ትጨርሳቸው ነበር።

እህቷ በስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ነበር። «እትዬ፣ ምነው በሐሙስ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ገና ነው። የታለ ነጩ?»

የአዝራር ሳጥኑ ሥር አልነበረም። እትዬ ሦስቴ ሳጥኑን አንስታ ወለሉን ዳበሰች። እህቷ ግን ወንበር ላይ ወጥታ ከጨርቅ መደርደሪያው አናት ከረጢቱን አወረደችው። «ትናንት ውሃ ደፍቼ ከፍ አደረግኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽ?» እትዬ ሦስቴ እህቷን ግንባሯን ሳመቻትና ሮጠች።

አዋላጇን አግዳሚው ወንበር ላይ እንደተቀመጠች አገኘቻት። አሮጌውን ኮምፒውተር አስነሳች፤ ማራገቢያው እያጓራ ቆየ። መጀመሪያ የጠራችው እሷኑ ነው፤ ስሟን፣ አባቷን፣ አያቷን። ወረቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ በሩን ከፈተችና ጮክ ብላ አነበበች። «የእርግዝና ክትትል፣ ቢ ፕላስ። ማዋለድ፣ የተግባር ልምምድ፣ ኤ።»

አዋላጇ አፏን በእጇ ይዛ ቆመች፤ እንባዋ በጣቶቿ መሐል ይወርድ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብላ እስከ ታች አየችው። «አናቶሚ ሲ ነው እንዴ ያገኘሁት?»

«እኔ የነበረውን ነው የምመልሰው፣ ልጄ። ማሻሻሉ የአንቺ ፋንታ ነበር።»

ቅዳሜና እሑድን ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ አራት መቶ አሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ ወደየራሳቸው መለሰች። በሁለቱ ሳምንት የገባውን አዲስ ውጤት መምህራኑ ከፈረሙበት ወረቀት እያየች እንደገና አስገባች። የአይቲው ሰው ሳይጠሩት መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ እሷ ታነባለች፣ እሱ ይጽፋል። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ግን እያንዳንዱን አያት ሳይዘል ጻፈ።

ማክሰኞ ዕለት ምስጋናው መጣ፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴ መጥሪያ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኸው ነው።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ አንዱ ያው የመኪና ጥገና መምህሩ ነው። ሰብሳቢው የዲኑ ምክትል ነበር። «የኮሌጁን መረጃ ከግቢ አውጥተዋል?»

«አውጥቻለሁ።»

«ሰርኩላሩ አልደረሰዎትም?»

«ደርሶኛል። እንደማልፈጽመው ጽፌ አስገብቻለሁ።»

ጸሐፊው ፋይሉን አገላበጠ። «እንዲህ ያለ ደብዳቤ የለም።» እትዬ ሦስቴ ቦርሳዋን ከፍታ የገቢ ቁጥር የተመታበትን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። መምህሩ ሳቁን መያዝ አቅቶት፣ «ሦስተኛውማ እህቷ ጋ ነው» አለ።

ቢሆንም ውሳኔው ቀድሞ ተጽፎ ነበር፤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። ከእንግዲህ አንድ ዲስክ በር ካለፈ ከሥራ ትሰናበታለች፤ ጥበቃም ቦርሳዋን ይፈትሻል፣ የሚወጣውንም ይመዘግባል። ምክትሉ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ።

«ከአዲሱ ማሽን አንድ ተማሪ አስነሱልኝ» አለች። «አንድ ብቻ፤ ከስህተቱ በፊት እንደነበረው። አሁኑኑ አስረክቤ እፈርማለሁ።» ሁሉም ለምስክርነት ተጠርቶ ጥግ ወደተቀመጠው የአይቲ ሰው ዞሩ። እሱም ጫማውን እያየ፣ «ማሽኑ የዛሬውን እንጂ የድሮውን አይዝም» አለ።

«እንግዲያው ሃያ ዓመት ያወጣሁትን ዓርብም አወጣዋለሁ። እዚህ ግቢ ብቻማ አያድርም፤ የእናንተም ጣሪያ ያፈሳል።» ሳያስቡት ሁሉም ቀና አሉ። ከምክትሉ ራስ በላይ ቡናማ የውሃ ክብ ነበር። ሳትፈርም ወጣች።

ሐሙስ ማታ ባሏ፣ «ሰው ወደ ጡረታው ሲጠጋ ከበር ጋር አይጣላም» አላት። እሱም ፈርቶላት ነው። እሷም ፈርታለች፤ ከዚያ መስኮት ሌላ ሥራ አታውቅም። ዓርብ ግን ገለበጠች፣ ሦስት ተማሪ አስነሳች፣ ባለ ቀይ ክሩን ከረጢት ቦርሳዋ ውስጥ ከታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ጋ ደረሰች።

በሩ ላይ የወጪ ዕቃ መዝገብ ተዘርግቷል። ጥበቃው የሁለት ልጆች አባት ነው፣ እዚያው ኮሌጅ በማታው ክፍል ኤሌክትሪክ ይማራል። ቦርሳዋን እያፈረ ከፈተው።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ዘጠኝ ሺህ ሰው። አንተም አለህበት።»

ግራ ቀኝ አየና ቦርሳውን ዘጋው። «ይሂዱ በቃ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ምንም አላየሁም።»

ደግነቱ ገብቷታል። ግን ደሟ ፈላ። «እንዴት አላየሁም ትላለህ? እይ እንጂ! ሃያ ዓመት በዚህ በር ተደብቄ አላለፍኩም። መዝገቡን ሳበውና ጻፍ!»

«ያባርሩዎታል እኮ፣ እትዬ።»

«ያባርሩኛ። በምን እንዳባረሩኝ ተጽፎ ይቀመጥ።»

ሰውዬው እስክሪብቶውን አነሳ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ «አንድ ሃርድ ዲስክ» የሚለውን ጻፈ። ስሟን ጻፈ፣ የአባቷን ስም ጻፈና እንድትፈርም መዝገቡን ሊያዞርላት ሲል፣ መዳፏን ገጹ ላይ አሳረፈች።

«አያቴንም ጻፍ» አለችው። «ከሌላ ሰው ጋር እንዳያምታቱኝ።»