ኪሎው የልብሴ ነበር

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ቀሚሴ ከትከሻዬ ሲወርድ ነው። ገዳሪፍ ሱቅ ውስጥ ከስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ የሰው ልብስ ስሠራ የራሴው ቀሚስ ተንሸራቶ ክንዴ ላይ ደረሰ። መልሼ ሰቀልኩት። ደግሞ ወረደ። ሃያ ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሴት ስለሆንኩ ነገሩ ከማስደንገጡ በፊት ገረመኝ፤ ጨርቅ ቢታጠብ ይሰበሰባል እንጂ እንዲህ አይሰፋም። ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ደረቴን ለካሁ፤ አራት ጣት ጎድሏል። ወገቤን ለካሁ፤ እሱ ደግሞ ጨምሯል። «ወይ ጉድ! ከላይ እየከሱ ከታች መወፈርም አለ?» ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ዘይነባ እባላለሁ። የተወለድኩት መተማ ነው፤ በትዳር ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገብቼ በዚያው ቀረሁ። ባለቤቴ ዑስማን በገዳሪፍና በከሰላ መካከል አውቶብስ ይነዳል። ልጃችን ኢማን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚህ ስላደገች ነገሩን በአማርኛ ጀምራ በዓረብኛ ትጨርሰዋለች። ይህን የምጽፈው ልብሱ በየሳምንቱ እየሰፋበት መስተዋት ፊት ለሚቆም ሰው ነው፤ ምክንያቱ እንደኔ ካላዛር ይሁን ሌላ።

ትኩሳትማ ነበረኝ። ግን ገዳሪፍ ውስጥ ያተኮሰው ሰው ሁሉ «ወባ ነው» ይላል፤ እኔም አልኩ። የወባ ክኒን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ጨረስኩ። ትኩሳቱ ሁለት ቀን ተወት ያደርገኝና ተመልሶ ይመጣል። የምግብ ሽታ አስጠላኝ። በግራ ጎኔ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ አንድ ጠንካራ ነገር በእጄ ይዳሰሰኛል። እየዳሰስኩ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» እላለሁ። ጣፊያዬ ኖሯል። በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን የስፌት መኪናዬን ጭኜ ቁረይሻ ወደሚባለው የእርሻ አገር ወርጄ የሠራተኛውን ልብስና ጆንያ ስጠግን ወራት ከርሜ ነበር፤ ከዛፍ ሥር ነው የምናድረው። ከጥቁሩ አፈር ስንጥቅ የምትወጣ፣ ክንፏ የማይሰማ፣ ነክሳ ይህን በሽታ የምታስተላልፍ ትንሽ ዝንብ መኖሯን የሰማሁት በኋላ፣ ከሐኪም ነው።

ሐኪም ቤት በመሄድ ፈንታ መቀስ አነሳሁ። ስህተቴ ይኸው ነው፤ የልብስ ሰፊ ስህተት። ደረቱን አጠበብኩ፣ እጅጌውን አጠበብኩ፣ ሆዱ ላይ ጨርቅ ጨመርኩ። በሳምንቱ እንደገና። እኛ ዘንድ ሴት ከከሳች ወሬ አለባት። «ምነው ከሳሽ?» የሚለኝ ሰው ቀጥሎ በልቡ የሚለውን አውቃለሁ፤ «ያ በሽታ ይዟት ይሆናል» ነው የሚለው። ከዚያ ደንበኛ ይሸሻል፣ ልጄን የሚጠይቅ ባልም ይሸሻል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ከቶቤ፣ የሱዳን ሴት ከምትጠቀለልበት ረጅም ጨርቅ፣ ሥር የሚታሰር፣ ጥጥና አሮጌ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት ወፍራም ጉርድ ሰፋሁ። ዳሌዬ ከሆዴ ጋር እንዲመጣጠን በሜትር እየለካሁ ነው የሠራሁት። ለትከሻዬም እንዲሁ። አልዋሽም፣ ሥራውን ወደድኩት፤ ትኩሳቱን ያስረሳኝ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሰፊ ልብስ ውስጥ ገብታ ጠፋች።

ሰዉ ደግሞ አመነ! «ማሻአላህ ዘይነባ፣ ወፈርሽ!» ይሉኛል ጎረቤቶቼ። ብርድ ብርድ ስለሚለኝ የምተኛው ከነልብሴ ነው፤ ዑስማን እንኳ ከመንገድ ሲመለስ ሆዴን አይቶ «ደግሞ በዚህ ዕድሜያችን?» ብሎ ፈገግ አለ። እኔም አብሬው ፈገግ አልኩ። አይ እኔ!

ከዚያ ነሰረኝ። ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። ደሙ የደንበኛ ነጭ ጨርቅ ላይ ፈሰሰ። ልነሳ አልኩ። ወደቅሁ። ኢማን በረክሻ፣ በባጃጅ ማለት ነው፣ ሐኪም ቤት አደረሰችኝ።

ከጣቴ ደም ወሰዱ። ዶክተሯ ወጣት ሱዳናዊት ናት፤ ከካርቱም በጦርነቱ ተፈናቅላ የመጣች። ጉርዱን ሳልፈታ ዝቅ አድርጌ ሆዴን ብቻ ገለጥኩላት፤ በጣቶቿ ተጭና የጣፊያዬን ጫፍ በእስክሪብቶ አሰመረችበት። ጨርቅ ላይ በሳሙና እንደማሰምረው ነው፤ እጇን አየሁና ጎበዝ ናት አልኩ በልቤ። «ካላዛር ነው» አለች። «ካልታከመ ይገድላል። ከታከመ ግን አብዛኛው ሰው ይድናል።» ሰው እንዳይጠረጥረኝ የፈራሁትንም መረመረችኝ። የለብኝም። ከሌለብኝ በሽታ ስደበቅ ያለብኝ ሊበላኝ ነበር።

ነርሷ ሚዛን ላይ አወጣችኝ። ሰልፉ ረጅም ነው። ከነቶቤ ወጣሁ። ከነጉርዴ። «አርባ ስድስት» ብላ ጻፈች። ከኋላዬ የቆመችው ሴት ደንበኛዬ ናት። ጉርዱን ሳልፈታ ወረድኩ።

ዶክተሯ ወረቀቱን አይታ አስረዳችኝ። «አሥራ ሰባት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት መርፌ። ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን ይባላሉ። መጠኑ በኪሎሽ ነው የሚሰላው። ካነሰ በሽታው ይመለሳል። ከበዛ ልብሽን ሊጎዳ ይችላል።»

ሰማሁ። ጉርዱን ግን አልጠቀስኩም። የመጀመሪያ ቀን መርፌ ተወጋሁ። በማግሥቱ ጠዋት ነርሷ መርፌዎቹን ስታዘጋጅ እጄን ሰበሰብኩ። ደንበኛዬ ከጎኔ ባለው አልጋ የተኛች እህቷን ታስታምማለች። ኢማንም ቆማለች። ካልተናገርኩ እሞታለሁ፤ ከተናገርኩ አፍራለሁ። ዶክተሯን ጥሩልኝ አልኩ።

«ዶክተር፣ ያ ኪሎ የኔ አይደለም። የልብሴ ነው።»

አልገባትም። ቶቤን ፈታሁ። ጉርዱን ፈታሁ። የትከሻውን አወጣሁ። አንድ ስስ ሸሚዝ ቀረኝ። ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። አርባ አንድ። ክንዴን አየሁት። የሌላ ሰው ክንድ መሰለኝ።

ኢማን አለቀሰች። «ሌሽ ያ ኡሚ? ከኔም?» አለችኝ፤ ለምን እናቴ ማለቷ ነው። ደንበኛዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ እያየችኝ እንዳላፍር ብላ እንደሆነ የነገረችኝ ቆይታ ነው። ዶክተሯ ጉርዱን ለብቻው ሚዛን ላይ አስቀመጠችው፤ አገላብጣ ስፌቱን አየችው። «ጎበዝ ልብስ ሰፊ ነሽ» አለች፤ «በሽተኝነቱን ግን አልቻልሽበትም።» አሮጌውን ትእዛዝ ሰርዛ አዲስ ጻፈች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ እኔ ደግሞ የተገኘውን መድኃኒት መጠን አሳስቼ ልሞት ነበር።

ከሳምንት በኋላ ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ ሲለቀኝ ደግሞ የማወቅ ጉጉቴ ተመለሰና በየጠዋቱ ሜትሬን አውጥቼ ክንዴን፣ ደረቴንና ሆዴን እየለካሁ ለዶክተሯ የምነግር ሆንኩ፤ እሷም «ያ ኸያጣ፣ ዛሬስ ስንት ነን?» እያለች ትስቃለች፤ ልብስ ሰፊዋ ማለቷ ነው። አልጋ ላይ ሆኜ የታመመ ሰው ልብስ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት አጠና ጀመር። በአንገት የሚጠለቅ ልብስ ለደካማ ሰው ሥቃይ ነው። እጅጌው የማይሰበሰብ ከሆነ ለመርፌ ሁሉ ማውለቅ ይመጣል። ኢማን መርፌና ክር አመጣችልኝና የጉርዱን ጥጥ አውጥቼ ጥዬ በተረፈው ጨርቅ ፊት ለፊት የሚዘጋ፣ ሁለቱም ጎኑ ላይ ማሰሪያ ያለው ቀሚስ በእጄ ሰፋሁ። ስከሳ አጠብቀዋለሁ፣ ስሞላ አላላዋለሁ። ከጎኔ ካለው አልጋ ደንበኛዬ «ለእህቴም አንድ» አለችኝ። አያችሁ፣ ትሸሻለች ብዬ የፈራኋት ሴት።

ቤት ስገባ ሌላ ጥያቄ ጠበቀኝ። ሳጥኔን ከፍቼ ልብሶቼን ባወጣቸው ቡናማ፣ ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊ፤ ሁሉም ሰፋፊ። አንዱንም ስለወደድኩት አልሰፋሁትም፤ ይሸፍናል ብዬ ነው። ሃያ ዓመት የሰውን ምርጫ ስጠይቅ የራሴን አላውቀውም! ከሥራ የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰብስቤ መስተዋት ፊት አንገቴ ሥር አንድ በአንድ መያዝ ጀመርኩ። ካላዛሩ ቆዳዬን ስላጠቆረው ድሮ ይስማማኝ የነበረው ቢጫ አሁን አመድ አስመሰለኝ። ወይን ጠጅ ቀለም ግን ፊቴን አበራው። ጠባብ የእጅጌ ጫፍ እንደምወድ አወቅሁ። ኪስ እንደምወድ አወቅሁ፤ ያወፍረኛል ብዬ ለራሴ ኪስ ሰፍቼ አላውቅም ነበር። ኢማን «ያ ሰላም! ኡሚ ዐሩስ ሆነች» ብላ አሾፈችብኝ፣ ሙሽራ ማለቷ ነው፤ ዑስማንም ከከሰላ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ትንሽ አየኝና «የማን ቤት ነው የገባሁት?» አለ።

ከወራት በኋላ ፊቴ ላይ ነጠብጣብ ወጣ። ደንግጬ ሄድኩ። ዶክተሯ «ከካላዛር በኋላ የሚመጣ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ዓይንሽን ካመመሽ ግን ቶሎ ነይ» አለችኝ። አልተሸፋፈንኩም። ነጠብጣቡ ፊቴ ላይ ይበቃል ብዬ ጨርቄን ልሙጥ ብቻ አደረግሁ።

እናንተ በዚህ መንገድ ላይ ያላችሁ፣ ልብሳችሁ ሲሰፋባችሁ ትርፉን ጨርቅ ቆርጣችሁ አትጣሉት፤ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ስፉት፣ ሥጋችሁ ሲመለስ ትፈልጉታላችሁ። የድሮውን ሁሉ ለማስተካከልም አትሩጡ፤ ማሰሪያ ያለው አንድ ሁለት ልብስ ይበቃል። ከሁሉ በፊት ግን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ሚዛን ላይም ቀለል ያለ ልብስ ለብሳችሁ ውጡ። አልሐምዱሊላህ፣ እኔን አላህ አተረፈኝ፤ ሰበቦቹ ዶክተሯ፣ አጥንቴን በሰው ፊት ታቅፋ ያጠበችኝ ኢማንና ከመንገድ ሁሉ ወተት ይዞ የሚመጣው ዑስማን ናቸው። ውለታቸውን በምን እከፍላለሁ?

ባለፈው ወር አስካለ የምትባል የቁረይሻ የቀን ሠራተኛ ቀሚሷን እንዳጠብብላት አመጣች። ያንኑ ቀሚስ ከሳምንታት በፊት አጥብቤላት ነበር። «አልሰፋም» አልኳት፤ «መጀመሪያ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«አንቺ ልብስሽን ስፊ! በሥጋዬ ምን አገባሽ?» ብላ ጮኸችብኝ።

እጇን ይዤ የራሴ ግራ ጎን ላይ አስቀመጥኩት፤ ምን እንደነበረበትና ጉርዱን ለምን እንደሰፋሁት ነገርኳት። እያጉረመረመች ተነሳች። ከዚያ ረክሻ ጠራሁ። ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ነጠላዋንና ቀሚሷን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ካላዛር አልነበረም፤ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ክኒን ጀምራለች፣ ሳሏም ቀንሷል። ትናንት ሱቅ መጥታ በር ላይ ቆመችና «ቀሚሴን ግን መቼ ነው የምትሰፊልኝ?» አለችኝ፣ አሁንም እንደተቆጣች።

«ታገሺ እንጂ» አልኳት፤ «ልክሽን ገና መች አወቅነው?»