ሁሉም እጁን ያወጣ ቀን

አዲስ አበባ ሳይኮሎጂ ተምሬ በኤርትራ ነጻነት ማግስት አስመራ ስመለስ፣ የሓዝሓዝ ሰፈር ጎረቤቶቼ “የእብድ ሐኪም” የሚል ስም አወጡልኝ። አልተቀየምኩም። የእብድ ነገር ግን አሳስቦኝ አያውቅም፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ የጤነኞቹ ነበር፣ በተለይ ተሰብስበው ሲወስኑ።

ፌርማታው አጠገብ ሻሂ የሚሸጡ ወሎዬ እናት ነበሩ። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሁሉ እርሳቸው ዘንድ ይጠጣል። አንድ ሰሞን “ቦታው ለአገሬው ሰው ይሰጥ” የሚል ወሬ ተነሳና ጉዳዩ ለሰፈር ስብሰባ ቀረበ። እኔ አስቀድሜ ጎረቤቶቼን በየቤታቸው እየዞርኩ ጠየቅሁ። መልሳቸው አንድ ነበር፤ “እኔስ እንዲነሱ አልፈልግም፣ ሌላው ግን ይፈልጋል።” ሌላው የሚባለውን ሰው ፈልጌ አጣሁት። ይህን በትምህርቴ አውቀዋለሁ፤ ሁሉም ብቻውን የቀረ እየመሰለው ያልፈለገውን ያጸድቃል። ስብሰባው ላይ ተነስቼ ላሳፍራቸው ቸኩዬ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። ሰብሳቢው “ይነሱ የምትሉ እጃችሁን አውጡ” አሉ። የፊተኛው ረድፍ አወጣ፣ የመካከሉ ተከተለ። ቀና ስል የራሴም እጅ ወጥቷል። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። አፈርኩ፤ ቀጥሎ በራሴ በጣም ተናደድኩ። እጄን አውርጄ ተነሳሁና ሐሳቤን መቀየሬን፣ በየቤታቸው የነገሩኝም ሌላ እንደነበር ተናገርኩ። ሁሉም አቀረቀረ።

ሰብሳቢው ረጋ ብለው፣ “ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እርሳቸው ራሳቸው አውጥተው የለም እንዴ?” አሉኝ።

ዞርኩ። ሻሂ ሻጯ የኋላው ወንበር ላይ እጃቸውን አውጥተው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሄድኩ።

“እናቴ፣ የሚነሱት እኮ እርስዎ ነዎት።”

“አውቃለሁ፣ ልጄ። ሁሉም ሲያወጣ ብቻዬን ልቅር?”

 ጎናቸው ተቀምጬ እጄን ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩ። አዩኝ፤ ቆይተው እርሳቸውም ቀስ ብለው አወረዱ።

ከዚያ ተነስቼ የስብሰባውን ጸሐፊ “የተቃወመ ሁለት ብለህ ጻፍ” አልኩት። እስኪጽፍ ድረስ ቆሜ ጠበቅሁት።