ሳልፈልጥ የሞላ መርከብ አልነዳም

ዛሬ የመርከቤን ጭነት በሙሉ ጠፈር ላይ ደፋሁት።

መርከብ ያልኩት የጌም ነው፤ ቆቃ ሐይቅ ላይ ያለ እንዳይመስላችሁ። ልጄ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። በጠፈር የሚንሳፈፍ ድንጋይ ትፈልጣለህ፣ ብረቱን ጭነህ ጣቢያ ታራግፋለህ፣ ከዚያ እንደገና። ሌላ ነገር የለውም። ትልቁን ሞተር ለመግጠም ትንሽ ብረት ብቻ ቀርቶኝ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ቻርጅ ላይ የተውኩትን ስልክ ይዞ ይስቃል።

"አባባ፣ መርከቡን በአቋራጭ ሞላሁልዎት! ሁልጊዜ ያው ድንጋይ፣ አይሰለችዎትም?"

"ይሰለቸኛል እንጂ! አንዳንዴ እየፈለጥኩ እንቅልፍ ይወስደኛል። ታዲያ መች አቤት አልኩህ?" አልኩትና ጭነቱን ሁሉ እዚያው እያየ ደፋሁት።

ልጄ ጮኸች። "አባዬ፣ ያንተም ልፋት እኮ አብሮ ሄደ!"

ይሂድ። እጄ አለ።

ደርግ ጊዜ እዚሁ አዳማ መሠረተ ትምህርት ገብቼ፣ ያንኑ ሀ ሁ ስደጋግም ከርሜ ፈተናውን ወደቅኩ። የቀበሌው ሰው ግን "ጓድ፣ ሁሉም አልፏል ብለን ሪፖርት አድርገናል" ብሎ የምስክር ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱን መለስኩለት። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "አንተ ሰውዬ፣ ምን ዓይነት ደረቅ ነህ!" እያለች ስትስቅብኝ እንደገና ከሀ ጀመርኩ።

ሲሰለቸኝም የራሴ መሰልቸት ነው። ያንን ማንም አይፈልጥልኝም።

እናንተስ፣ ሰው በደግነት አቋራጭ ሰጥቷችሁ እምቢ ያላችሁበት ቀን አለ? ጻፉልኝ። ልጄ ላንብብልህ ትላለች፤ እኔ ግን ቀስ ብዬ፣ ፊደል በፊደል፣ ራሴ አነበዋለሁ።