ባልጩት የለበሰው ትል

የበደለኝ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። ጊዜው ጥቅምት ነበር፤ ንግሥቲቱ ሊያርፉ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው። በዘመድ መካከል እስከ ዛሬ «አዋቂው» እየተባለ ስለሚነሣ፣ ያንን አንድ ነገር ከማን እንዳወቀው ልጻፍ። ስሙን አልጠራም። ከሚገባው በላይ ተጠርቷል።

አዳማ ከገባሁ ሁለት ዓመቴ ነበር። ባሌ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ስለነበር ሰኞ ሄዶ ቅዳሜ ይመለሳል። የምንኖረው ከእናቱና ከወንድሙ ጋር በአንድ ግቢ ነው። ወንድሙ ፈረንሳይኛ ስለሚያውቅ በጣቢያው ያስተረጉማል። እኔም አባቴ ቄስ ስለነበሩ ዳዊት ደግሜአለሁ፤ መጻፍም እችላለሁ። አማቴ ይህን አይወዱትም ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም ነበር፤ ከግቢው ለመውጣት ሰበብ ስፈልግ እውላለሁ። የሞላውን እንስራ ደፍቼ እንደገና ልቀዳ የወረድሁበት ቀን አለ።

በመስከረም አንድ ፈረንጅ በባቡር መጥቶ በአንድ ግሪክ ሆቴል ዐረፈ። ሥራው በውኃ ዳር የሚኖሩ ነፍሳትን ለቅሞ ዓይነታቸውን መለየት ነው። የባሌን ወንድም አስተርጓሚ አድርጎ ቀጠረው። አንድ ቀን ግቢያችን መጣና ከአሸዋ የተሠራች፣ ከጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ቱቦ አሳየን። ውስጧ ትል አለ። ትሉ ከአፉ ክር እያወጣ አሸዋውን ያጣብቅና እንደ ልብስ ለብሶት ይሄዳል፤ ሲያድግ ክንፍ አውጥቶ የእሳት ራት መስሎ ይበርራል። እንዲህ ያለ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ አስጠየቀን።

አውቃለሁ፣ ግን እኔ ያየሁት የለበሰው አሸዋ ሳይሆን ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ነው አልሁ። ይህ ሲተረጎምለት ፈረንጁ ከተቀመጠበት ተነሣ።

ያየሁት በፋቂዎች መንደር ሥር በምታልፈው ጅረት ነው። ፋቂዎቹ ቆዳ የሚፍቁት በዚያ ጥቁር ድንጋይ፣ በባልጩት ነበር። ስለቱ ሲደንዝ ጫፉን እየመቱ ያድሱታል፤ ስንጣሪው ወደ ውኃው ይወርዳል። ትሉ ያንን እየለቀመ ይለብሳል። በዚያ ዘመን ጨዋ ነኝ የሚል ሰው ከፋቂ ደጅ አይደርስም፣ ከጅረታቸውም አይቀዳም። እኔ እቀዳ ነበር። ውኃው ጥሩ ነው፤ የሚያየኝም የለም።

ፈረንጁ ትሉ ብቻውን አይበቃም አለ። የዓይነቱ ልዩነት የሚታወቀው በክንፉ ጅማትና በጅራቱ ጫፍ ስለሆነ ክንፍ ያወጣውን ማግኘት አለብኝ አለ። ወረቀት፣ እርሳስና ጠርሙስ ሰጠኝ፤ ጠርሙሱ ውስጥ በሚገባው ወረቀት ላይ ቦታው፣ ወሩ፣ ያገኘው ሰው ስም ይጻፍ፤ ያ ስም መጽሐፌ ውስጥ ይገባል አለ። ይህን ቃል በቃል የተረጎመልኝ የባሌ ወንድም ነው። እኔም ያንን ነገር ፈለግሁት። ከዚያ በፊት ስሜ የትም ተጽፎ አያውቅም።

ክንፍ ያወጣውን የማገኝበትን መላ የነገረችኝ አንዲት አሮጊት ፋቂ ናት። በኦሮምኛ ሰላም ካለችኝ በኋላ ወደ አማርኛው ትመለሳለች። ትሉን «ድንጋይ ለባሽ» ትለዋለች።

«በሩን በድንጋይ የዘጋውን ውሰጂ» አለችኝ። «እሱ ክንፍ ሊያወጣ ነው። ደግሞ አማትሽ እዚህ መዋልሽን ቢሰሙ አንቺንም በባልጩት ነው የሚፍቁሽ።»

ትሎቹን መጀመሪያ በቆመ ውኃ ሳኖራቸው ሞቱ። ስለዚህ አንድ ቅል በጋለ ወስፌ በሳሳሁ፤ በራቸውን የዘጉትን ከተትሁበት፤ አፉን በነጠላ ቁራጭ አሥሬ ከጅረቱ ድንጋይ ጋር አሠርሁት፤ ግማሹ ከውኃ በላይ ነው። ውኃው በቀዳዳዎቹ ያልፋል። በየቀኑ ወረድሁ፤ አንዳንድ ቀን ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከነጠላው ሥር ስድስት ግራጫ በራሪዎች ተለጥፈው አገኘሁ፤ ክንፋቸው ጠጉራም፣ ቀንዳቸው ከገላቸው የረዘመ። እንዳይበሰብሱ ካቲካላ የሞላሁበት ጠርሙስ ውስጥ ጨመርኋቸው። ወረቀቱን ጻፍሁ፤ የፋቂዎች ጅረት፣ ጥቅምት፣ ስሜ።

ሴት ሆኜ ሆቴል መግባት ስለማይሆንልኝ ጠርሙሱን የባሌ ወንድም ወሰደው። ፈረንጁ ከሄደ በኋላ የባሌን ወንድም ክፍል ስጠርግ ወረቀቴን ከአልጋው ሥር አገኘሁት። ካቲካላ ይሸታል።

ይዤው ሄጄ ጠየቅሁት።

«የወንድሜ ሚስት ከፋቂ ደጅ ስትልከሰከስ ትውላለች ብዬ ለባሕር ማዶ ልጻፍ?» አለኝ።

«ታዲያ ምን ብለው ጻፉ?»

«አዋሽ፣ ከድልድዩ በታች። ያገኘሁትም እኔ።»

ለባሌ ነገርሁት። ታላቄ ነው አለና እራቱን በላ።

በዓመቱ ደብዳቤ መጣ። የባሌ ወንድም እንግዳ ጠርቶ እየተረጎመ አነበበው። በራሪው ከዚያ በፊት ማንም ያልጻፈው ዓይነት ሆኖ ስለተገኘ ፈረንጁ በባሌ ወንድም ስም ሰይሞታል። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ እኔ ጠላ እቀዳ ነበር። የደብዳቤው መጨረሻ ግን ለእንግዶቹ አልተነበበም። የተላኩት ስድስቱም ወንዶች ስለሆኑ ሴቲቱ ካልተገኘች ጽሑፉ ጎዶሎ ነው ይላል። ሌላ ሰው ልኮ ከድልድዩ በታች ቢያስፈልግ አንድም አልተገኘም፤ እጅግ ብርቅ ሳይሆን አይቀርም፤ እባክዎ ሴቲቱን ይላኩልኝ ይላል።

ይህን ያወቅሁት የባሌ ወንድም ሱሪውን ጠቅልሎ አንድ ወር ሙሉ አዋሽ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ከሰነበተ በኋላ፣ ራሱ ሲነግረኝ ነው። ይዞ የመጣው ሁሉ አሸዋ የለበሰ ነበር። ጓዳ ድረስ መጣ፤ ከዚያ በፊት ጓዳ ገብቶ አያውቅም።

«እቴ፣ ያቺን ጅረት አሳዪኝ» አለኝ። «የቤተሰባችን ስም ነው እኮ።»

«ከድልድዩ በታች ነው» አልሁት። «እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል።»

ቆሞ ጠበቀ። ሽሮዬን አማሰልሁ። የፋቂዎች ጅረት መሆኗን ከወረቀቴ አንብቧል፤ ቦታዋን ሄዶ ፋቂዎቹን መጠየቅ ይችል ነበር፤ ደጃቸውን መርገጥ ግን አልሆነለትም።

በማግስቱ ሰኞ ነበር። ባሌ ሲሄድ ቅሉን ይዤ ወረድሁ። አሮጊቷ የሴቲቱን ምልክት ነገረችኝ፤ ከወንዱ ትተልቃለች፣ በጅራቷ ጫፍ አረንጓዴ የእንቁላል ጓል ትይዛለች። በወሩ መጨረሻ ሁለት አገኘሁ። ካቲካላ ውስጥ ጨምሬ ወረቀቱን ጻፍሁ፤ ቦታውን፣ ወሩን፣ ስሜን።

የፈረንጁን አድራሻ ክፍሉን ስጠርግ ካገኘሁት ደብዳቤ ላይ፣ ፊደሉን እንደ ሥዕል እያየሁ፣ ቀድቼው ነበር። አልላክሁም። ብልክ የሚሟላው የባሌ ወንድም ስም ነው። ጠርሙሱ ሣጥኔ ውስጥ ነው። ካቲካላው ሲጎድል እሞላዋለሁ።