በጥፍር የተሸመነ መቀነት

ስምንት ዓመት ሙሉ በሰው አገር አዛውንት ስንከባከብ፣ ጥፍሬን ቆረጥሽ ብሎ ያለቀሰብኝ ሰው አልነበረም። እኚህ ጃፓናዊ ሽማግሌ ግን አለቀሱ፤ ያውም እሳቸው ጋ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን፣ አፐር አርሊንግተን በሚገኘው የልጃቸው ቤት ኩሽና ውስጥ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ኤጀንሲው በሰጠኝ የሥራ ዝርዝር፣ ኬር ፕላኑ ላይ «ጥፍር መቁረጥ» የሚል ሳጥን አለ። እጃቸውን ሳይ በሁለቱም በኩል የመሐልና የቀለበት ጣቶቻቸው ጥፍር ረዝሞ፣ ጫፉ እንደ መጋዝ ጥርስ አውጥቷል። ምን ዓይነት ልጅ ናት አባቷን እንዲህ የምትጥለው ብዬ አዘንኩ። ሽማግሌው ቴሌቪዥን ፊት ሸለብ ሲያደርጋቸው አራቱንም ጥፍሮች ከረከምኩና ሳጥኑን ቼክ አደረግኩ። በራሴም ኮራሁ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት እኔ ነኝ።

ነቅተው እጃቸውን አዩ። ከዚያ ቁርጥራጮቹን ከቆሻሻ መጣያው ለቅመው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩና ማልቀስ ጀመሩ። ደንግጬ ልጃቸውን ኮል አደረግኳት።

«ኦ ማይ ጋድ! እሱ'ኮ የሚሸምነው በጥፍሩ ነው!» አለችኝ።

ቤዝመንት ስወርድ አልጋ የሚያህል የሽመና ዕቃ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ተገትሯል። በእነሱ ቤተሰብ ሸማኔ ጥፍሩን በሞረድ ጥርስ ያወጣለታል፤ የሐሩን ማግ በዚያ እየሳበ ያጠብቀዋል። አገራቸው ያለው የቤተሰቡ መሸመኛ ቤት ገዢም ተተኪም አጥቶ ሲዘጋ፣ ልጅየዋ አባቷንና ይህን አንድ ዕቃ ይዛ መጣች። ድሩ ላይ ያለው ለሠርጓ የተጀመረ መቀነት ነው። እሷ አግብታ፣ ወልዳ፣ ፈትታለች፤ መቀነቱ ገና አንድ ስንዝር ይቀረዋል። የሽማግሌው ቀኝ ዓይን ጠፍቷል፣ ግራው እየደከመ ነው። እንግዲህ ጥፍር እስኪያድግ ዓይን አይጠብቅም።

«ሹካ ባመጣልዎትስ?» አልኳቸው። ሦስት ቀን አኮረፉኝ።

በአራተኛው ቀን ጓንቴን ሳወልቅ እጄን ለቀም አደረጉት። የኤጀንሲያችን ደንብ የሠራተኛ ጥፍር ከጣት ጫፍ አይለፍ ይላል። እኔ ደግሞ ለእህቴ ልጅ ሠርግ ብዬ አሳድጌ፣ በጓንት ደብቄ ነበር። የሰው ጥፍር ቆርጬ የራሴን የማሳድግ ጉደኛ! ሽማግሌው የመሐልና የቀለበት ጣቶቼን አራት ጥፍሮች አንኳኩተው መረመሩና ሞረዳቸውን አወጡ። እምቢ ለማለት አፈርኩ፤ ጥፍሬን ሞርደው ድሩ ፊት አስቀመጡኝ።

አብሮኝ ብሌንደን ታውንሺፕ የሚኖረው አባቴ ሽሮሜዳ ሲሸምን ያረጀ ሸማኔ ነው። በቤታችን ሴት ትፈትላለች እንጂ ድር ላይ አትቀመጥም፤ አንዴ ልጅ ሆኜ ብቀመጥ በመወርወሪያው እጄን መትቶኛል። ማታ ጥፍሬን ሲያይ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ።

«ያንን መጋዝ ይዘሽ እኔ ገበታ ውስጥ እንዳትገቢ» አለኝ። ግን አላስቻለውም። «ዛሬ ምን ያህል ሸመናችሁ?»

«ግማሽ ጣት አይሞላም። እሱንም አስፈቱኝ።»

«በሁለት ቀን ነጠላ እጨርስ ነበር እኔ። ይሄ ሽመና ሳይሆን ሱባኤ ነው» አለና ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ግን በየማታው ይጠይቀኛል። ለብቻዬ በማንኪያ እየበላሁ እመልስለታለሁ።

ሽማግሌው ሲያርሙኝ ቃል አይናገሩም፤ ጣቴን መታ ያደርጉና የሠራሁትን ይፈታሉ። ማንም አሠሪ እንዲህ አላስለቀሰኝም። ወራት አለፉ። የእሳቸውም ጥፍር ቀስ እያለ አደገ፤ የመጨረሻዋን አንድ ጣት ያህል ራሳቸው ሸመኑ። ዓይናቸው ስለማይለይ ክሩን የማቀብላቸው እኔ ነበርኩ።

ያለቀ ዕለት ልጃቸው ከሥራ ስትመጣ መቀነቱን በቢሮ ሱሪዋ ላይ ጠመጠመችው። ልብስ ማጠቢያው አጠገብ አንዴ ዞር አለችላቸው። አባቷ በቅርብ እንኳ ሊያዩት ዓይናቸው አልረዳቸውም፤ በመዳፋቸው ዳሰሱት። እሷ እያለቀሰች ወደ ላይ ወጣች።

እኔ ልሰናበት ስል ሽማግሌው ከኪሳቸው ጥፍር መቁረጫ አውጥተው ሰጡኝና ሁለቱን እጆቻቸውን ዘረጉልኝ።

«ቁረጪ» አሉኝ።

ጣታቸውን አንድ በአንድ ያዝኩ። አራቱንም ቆረጥኩ። እሳቸው አላለቀሱም። ሳጥኑን ቼክ ሳላደርግ ወጣሁ።

መኪናዬ ውስጥ መሪው ላይ ያሉ ጣቶቼን አየኋቸው። የዚያ ቤት ሙያ ከእንግዲህ የቀረው እኔ ጥፍር ላይ ብቻ ነው። ሰኞ ደግሞ የኤጀንሲው ሱፐርቫይዘር ጥፍሬን ልታይ ትመጣለች።