የእንኳየሁ ምራቂ

እንኳየሁ ከሚዛን ጋር ተስማምታ አታውቅም። ቅዳሜ ገበያ ሽሮና በርበሬ ትሸጥ በነበረ ጊዜ፣ ገዢው ከፍሎ ከሄደ በኋላ እንኳ «ኧረ ተመለስ፣ ምራቂህን ሳትይዝ!» ብላ ትጣራ ነበር። ሚዛኑ ያለውን ብቻ ያለ ጭማሪ ሰጥቶ ሰው መሸኘት እሷ ዘንድ እንግዳን ደጅ አቁሞ ከማናገር አይተናነስም። እንዲህ ያለች ሴት የአውሮፓን ሕግ ማክበር ግድ ሲሆንባት እንግዲህ አስቡት።

ግድ ያደረገባት ደግሞ ማንም አልነበረም፤ ራሷ ናት። ቀሐ ወንዝ አጠገብ ያለው የሴቶች ማኅበር ሽሮ አሽጎ ወደ ጀርመን ይላክ የሚል ሐሳብ ሲነሳ፣ ሌሎቹ «ምን በወጣን፣ ለጎንደር ሰው መሸጡ መቼ አነሰን?» እያሉ ሲያመነቱ፣ «እንልካለን!» ብላ የሞገተች እሷ ነበረች። ምክንያቷን ሁሉም ያውቁታል። ልጇ ፀደንያ ናት።

ባሏ መሪጌታ ህሩይ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በቅኔው የተከበሩ፣ በቤታቸው ደግሞ የተፈሩ ሰው ነበሩ። አንድያ ልጃቸውን ለአንድ ዲያቆን አጩዋት። ዲያቆኑ ቅስና ከመቀበሉ በፊት ማግባት ነበረበትና ነገሩ ተጣደፈ። ፀደንያ አባቷን መድፈር አልቻለችም። እናቷን ለብቻዋ አግኝታ «እማየ፣ እኔ አልፈልገውም። አንች ንገሪልኝ» አለቻት። እንኳየሁ ሰምታለች፤ አልሰማሁም ብላ አታውቅም። ግን «ዝም አይነቅዝም» እየተባለች ያደገች ናትና ዝም አለች። ዝምታዋ ግን ነቀዘ። ሠርጉ ሲቃረብ ልጅቷ በመተማ አድርጋ ጠፋች። ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ ባሕሩን አልፋ ጀርመን መግባቷን ለጓደኛዋ ነገረች እንጂ ለእናቷ አልደወለችም። አባቷ ሲሞቱም አልደወለችም።

ከዚያ በኋላ እንኳየሁ የማታውቀው ቁጥር በደወለ ቁጥር የያዘችውን ጥላ ሮጣ የምታነሳ ሴት ሆነች። ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ ሰው ነው። ለተሳሳተውም ቢሆን ቶሎ አትዘጋበትም ነበር።

ባዬ የሚባል የቀሐ ልጅ ፍራንክፈርት ውስጥ የአበሻ ሱቅ አለው። መስቀልን ሊያከብር የመጣ ጊዜ ቤቷ ድረስ ሄደ።

«እትየ፣ ፀደንያ ደህና ናት» አላት። «ጾም ሲገባ እኔ ዘንድ እየመጣች ሽሮ ትገዛለች።»

«ስልኳን ስጠኝ!»

ባዬ አንገቱን ደፋ። «‹ከእናትሽ ጋር ላገናኝሽ› ብያት ነበር። ‹ገና ነኝ፤ ተወኝ› አለችኝ።»

ይህችን «ገና ነኝ» የምትል ቃል እንኳየሁ ስንት ጊዜ አላመጠቻት! አንድ ቀን «ገና ያለ ሰው ኋላ ይመጣል» ብላ ትጽናናለች፤ በማግስቱ ደግሞ ቃሉ ራሱ የተዘጋ በር ሆኖ ይታያታል። በመጨረሻ እንዲህ ስትል ቆረጠች፤ ልጄ ድምፄን ካልፈለገች ሽሮዬን ትብላ። ባዬ የማኅበሩን ሽሮ በሱቁ ሊሸጥ ተስማማ፤ እሷም አስማለችው። «የኔ እጅ መሆኑን እንዳትነግራት። ካወቀች ትተወዋለች።»

እሱም ነጋዴ ነውና ቁርጡን ነገራት። ሽሮው ዐቢይ ጾም ሳይገባ መድረስ አለበት፤ ካልሆነ ከሌላ ቦታ ያስመጣል። ደንበኛ አይጠብቅም።

መከራው የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ማኅበሩ ዳኛው የሚባል የምግብ ሙያ የተማረ ወጣት ቀጥሯል። ዳኛው ጨዋ ልጅ ነው፤ ግን የጀርመኖቹን ትእዛዝ ሲያነብ ውዳሴ ማርያም የሚደግም ነው የሚመስለው፤ አንዲት ቃል አይዘልም። የመጀመሪያው ናሙና በርበሬው መሬት ላይ በመድረቁ የሻጋታ መርዝ ተገኘበትና ወደቀ። ከፍ ያለ የሽቦ ቆጥ አሠርተው እንደገና አደረቁ። ፀጉር ይሸፈን ተባለ፤ ሸፈኑ። ቅመሙ አንድ ሳይቀር በጀርመንኛ ማሸጊያው ላይ ይጻፍ ሲባል እንኳየሁ አላስችል አላትና «ሁሉንም ከነገርናቸውማ ነገ ራሳቸው ሊሠሩት አይደል?» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ቀለበት ይውለቅ ሲባል ግን የሳቀ የለም። መሪጌታ ያሰሩላትን ቀለበት እሳቸው ከሞቱ ወዲህ እንኳ አውልቃው አታውቅም። በሳሙና እያሻሸች አወጣችው፤ በመሀረብ ቋጥራ ጉያዋ ከተተችው። ለልጇ ስትል ያልታዘዘችው ነገር አልነበረም።

አተሩ ከአምባ ጊዮርጊስ፣ ሽምብራው ከኮላ ድባ መጣ፤ ተቆላ፣ ተፈጨ፣ ተመረመረ፤ አለፈ። እንኳየሁ ከሚዛኑ ፊት ተቀምጣ ከረጢት ትሞላለች፤ ወለተ ሚካኤል የምትባል ባልንጀራዋ ተቀብላ በማሽን ታሽጋለች። ካርቶኑ ሁሉ በማኪና ተጭኖ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደ። ሴቶቹ እልል ብለው ሸኙት።

ከሰዓት በኋላ ማኪናዋ ከነጭነቷ ተመልሳ መጣች።

ዳኛው ሲወርድ ፊቱ ጠቁሯል። «ወረቀታችን ላይ የተጻፈውና ዕቃው የመዘነው አልገጠመም» አለ። «ብዙ ይበልጣል። አንዱን ከረጢት ቀድጄ መዘንሁት። ግማሽ ኪሎ ብለን ጽፈን ከግማሽ ኪሎ በላይ ነው። ሌላውንም ቀደድሁ፤ እሱም እንደዚያው። ምን ጨመራችሁበት?»

ሴቶቹ ተያዩ። ወለተ ሚካኤል ግራ ገብቷት «ምን ይጨመርበታል፣ ያው ምራቂ ነዋ!» አለች። እሷ ስታሽግ አይታለች፤ ግን ምራቂ ጥፋት ሊሆን ይችላል ብላ በሕልሟም አላሰበችው።

«ምራቂ?»

«እኔ ነኝ» አለች እንኳየሁ። «ከሚዛኑ ሲወርድ አንድ አንድ ጭብጥ ጨመርሁበት።»

«ምነው እትየ እንኳየሁ! ላዩ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው ካልተስማማኮ ምን ደብቀው ነው ይሉናል። እዚህ ባይያዝ እዚያ ይያዝ ነበር፤ ዳግመኛም አይቀበሉንም። ገበያ መሰለዎት? ማን መርቁ አለን?»

ሰው ሁሉ የሚያውቀውን፣ እንኳየሁ ግን በአፏ አውጥታው የማታውቀውን ነገር መናገር ነበረባት።

«ፀደንያ ከሱቁ ስትገባ የትኛውን እንደምታነሳ አላውቅም» አለች። «ለእሷ ልመርቅላት ፈለግሁ። የቷ የእሷ እንደሆነች ካላወቅሁ ምን ላድርግ? ሁሉም ላይ ጨመርሁ።»

ዳኛው የቀደደውን ከረጢት አፍ አጥፎ ያዘ። ሴቶቹም አንዷ ሌላዋን እንዳታይ ወደ መሬት አቀረቀሩ። ሕግ ግን ሕግ ነው፤ የእናት አንጀት አይገባውም። ጾሙ ደግሞ ደጅ ላይ ነው። ዳኛው ቀስ ብሎ «በሉ፣ ሁሉም ይከፈት» አለ።

ካርቶኑ ተፈታ። ወለተ ሚካኤል «አንች አረፍ በይ፣ እኛ እንቀንሰዋለን» ብትላት እንኳየሁ አሻፈረኝ አለች። የጨመረው የእሷ እጅ ነው፤ የሚቀንሰውም የእሷ እጅ ነው። ከእያንዳንዱ ከረጢት አንድ አንድ ጭብጥ እያወጣች ወደ ገበቴው መለሰች። ልጇን ከማዕድ የምታስነሳ መሰላትና አለቀሰች። እንባዋ ሽሮው ውስጥ እንዳይገባ ፊቷን ዘወር ታደርግ ነበር፤ እሱም አይፈቀድማ።

ሽሮው በማግስቱ በረረ። ጾሙ ሳይገባም ደረሰ።

ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ፣ ሴቶቹ አተር እየለቀሙ ሳለ ባዬ ደወለ።

«መጣች?» አለች እንኳየሁ፤ እንደምን ዋልህ እንኳ አላለችም።

«መጥታ ነበር እትየ። ባለፈው ወሰደች፤ ዛሬም ተመልሳ መጣች።»

«ሽሮውን ምን አለችው?»

«ቅር እንዳይልዎ እንጂ…»

«ተናገር ልጄ።»

«‹ሸጋ ነው፤ ግን የእናቴን አያክልም› አለች።»

እንኳየሁ አጠገቧ ካለው ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ወለተ ሚካኤል ደንግጣ ብድግ አለች። ባዬም በስልኩ ውስጥ «እትየ? ኧረ እኔን ብሎ ነጋሪ! ባልነግርዎት ይሻል ነበር» እያለ ይጨነቃል።

«የማንን አያክልም አለች?»

«የእናቴን።»

«እስቲ ድገምልኝ» አለች እንኳየሁ፤ «ልክ እሷ እንዳለችው አድርገህ ድገምልኝ።»