በማኅፀኔ የነበረው ደም

ነገሩ የጀመረው አምና በሰሊጥ አረም ወቅት ነው። ሰው ፊት መናገር የሚከብደኝ ሴት ነኝ። ይህን የምጽፈው ልጇ ታሞባት ራሷን የምትወቅስ ሌላ እናት ትኖር ይሆናል ብዬ ነው።

የምንኖረው ሸሕዲ ነው። ልጄ ከተወለደ እስከ መንፈቁ ጤነኛ ነበር። ለአረም አዝዬው ወደ እርሻ ወረድኩ። ሙቀቱ ሲበረታ ፊቱን የሸፈንኩበትን ነጠላ ገለጥ አደረግሁለት፤ የቀን ሠራተኞቹም እያዩ አጫወቱት። በዚያው ሳምንት እጆቹና እግሮቹ አበጡ፤ ሲነኩት ይጮህ ጀመር።

አማቴ እማማ የሺ፣ «ለዓይን የሰጠሽው አንቺ ነሽ!» አሉኝ። እኔም አመንኳቸው።

ጠበል ወሰድነው። ሲሻለው፣ ሲብስበት ወራት አለፉ። በመጨረሻ እማማ ልጁን ጡት አስጥለው ራሳቸው ሊያሳድጉት፣ እኔን ገለጉ ወዳለው ወላጆቼ ቤት ሊመልሱኝ እንደሆነ ለባሌ ነገሩት። እሱም አልተቃወማቸውም። ከዚያ በፊት ግን ጎንደር ሐኪም ይየው ተባለና ከእማማ ጋር ይዘነው ሄድን።

ወጣቷ ሐኪም ደሙን አስመርምራ፣ «ቀይ የደም ሴሎቹ እንደ ማጭድ እየታጠፉ የደም ሥሩን ይዘጋሉ። ከእናቱም ከአባቱም የወረሰው ነው» አለችን።

«ከአባቱም?» አሉ እማማ። «ታዲያ ሲወለድ ደህና አልነበር?»

«እናንተ አገር ትራክተር ብዙ ነው አይደል፣ እማማ? ሁለት ትራክተር አለ እንበል። ደም የሚሠራበትን ትእዛዝ ጂን እንለዋለን፤ እንደ ሁለቱ ትራክተር ሁለት ጂን አለ። አንዱ ጂን ልጁ ማኅፀን ሳለ የሚኖረውን ደም፣ የማኅፀኑን ደም ያሠራል፤ እሱ ደህና ነው። የተበላሸው ከተወለደ በኋላ የሚሠራው፣ የኋለኛው ነው። ልጅ ከተወለደ በኋላ አንድ ፕሮቲን እንደ ዘበኛ ይመጣና ደህናው እንዳይነሳ ማስነሻው ላይ ይቀመጣል። የኋለኛውን ደግሞ ሌሎች ፕሮቲኖች ያስነሱታል። በሁላችንም እንዲሁ ነው። የማኅፀኑ ደም እስኪያልቅ ግን ወራት ይፈጃል፤ እስከዚያ ልጁ ደህና ይመስላል።»

«ያን ዘበኛ ጉቦ ሰጥተን ብናስነሳውስ?» አሉ እማማ።

ሐኪሟ ሳቀች። «የማዝለት መድኃኒት እንደዚያ ያለ ሥራ ነው የሚሠራው። የታገደው ደህናው ጂን በመጠኑ እንዲነሳ ይረዳል። በሽታውን አያጠፋውም፤ ሕመሙን ግን ያቀልለታል። ክትትሉን እንዳታቋርጡ።»

ልንወጣ ስንል ከበሩ ተመለስኩ። «ዶክተር፣ ፊቱን ገልጬው ነው የታመመው?» አልኩ።

«ሸፍነሽው ቢሆንም ያመው ነበር። ሕመሙ በዚያ ወር የመጣው የማኅፀኑ ደም እያለቀ ስለነበር ነው። ያጠፋሽው ነገር የለም፣ እህቴ።»

እማማ የሺ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በሚኒባሱ ስንመለስ ልጁን ተቀብለውኝ አቅፈውት ነበር። ሸሕዲ ልንደርስ ስንል፣ «እንኪ፣ አጥቢው። ርቦታል» አሉኝ። የገለጉ ነገር ዳግመኛ አልተነሳም።

ዛሬ ልጄ ይራመዳል፤ መድኃኒቱንም ይወስዳል። አልፎ አልፎ ያመዋል፣ ያን ጊዜ እፈራለሁ። ሲጫወት እያየሁት ግን ያ ደህናው ነገር ከውስጡ እንዳልጠፋ፣ ማስነሻው ብቻ እንደተያዘበት አስባለሁ። ባዶውን አልወለድኩትም።